ንፋስ መውጫ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ አንዲት እንቆቅልሽ ይዘንልዎ ቀርበናል። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም ፍቺው በብዙ ቤት እንባ ያስፈሰሰ ስለ ሆነ እስከ መጨረሻው ይከተሉን።

ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል። የተወለዱት በላይ ጋይንት፣ በንፋስ መውጫ ከተማ ነው። ታላቅየው በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዳ ይኖራል። ታናሽየው በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። በግንቦት ወር በአንድ ማክሰኞ፣ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ በ8 ሰዓት፣ ለሁለቱም ከንፋስ መውጫ ስልክ ይደወላል። ቃሉም «አባታችሁ ጠና ብሎበታልና ቶሎ ድረሱ» የሚል ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ሰዓት ሰሙ፤ በዚያው ሰዓትም ለመነሣት ቆረጡ።

ታላቅየው ከአባቱ አልጋ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል። የታናሽየው ርቀት በቀጥታ ቢለካ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። እንግዲህ ቀድሞ የሚደርሰው የትኛው ነው?

«ይህስ ጥያቄ ነው ወይ? የቅርቡ ነው እንጂ!» ብለው እንደ ሆነ አይፍጠኑ። ወረቀትና እርሳስ ያንሡና አብረን እናስላው።

ርቀት በክር ሲለካ

«መንገዱ ምን ያህል ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ አለ። አንደኛው አሞራ የሚበርበት ቀጥታ ርቀት ነው። ሁለተኛው እግር ወይም ጎማ የሚረግጠው ርቀት ነው።

የመጀመሪያውን ማንም ተማሪ በቤቱ ሊያሰላው ይችላል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ለ360 ዲግሪ ብናካፍለው ለአንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስትሆን ንፋስ መውጫ 11 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ ላይ ናት። ሁለቱ ከተሞች በኬንትሮስ ከሞላ ጎደል በአንድ መሥመር ላይ ስለሚገኙ የኬክሮሳቸውን ልዩነት ማለትም 2.7 ዲግሪን በ111 ማባዛት ይበቃል። ውጤቱ 300 ኪሎ ሜትር ነው።

ለዋሽንግተን ግን ይህ ቀላል ስሌት አይበቃም። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ቢያሰምሩ መሥመሩ ሰሐራን ቁልቁል አቋርጦ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ያልፋል። ምድር ግን እንደ ካርታው ዝርግ አይደለችም፤ ክብ ናት። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ሉል ያምጡና በሁለቱ ከተሞች መካከል አንድ ክር ወጥረው ይያዙ። ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ላይ አልፎ እስፓኝን ከነካ በኋላ ወደ ሰሜን አሜሪካ ይሻገራል። አጭሩ መንገድ ይህ ነው፤ ርዝመቱም 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አይሮፕላን ነጂዎችም በተቻላቸው መጠን የሚከተሉት ይህን የክር መንገድ ነው።

ታላቅየው በሰማይ

አሁን ታላቅየውን እንከተል። ስልኩ ሲደርሰው በእኛ 8 ሰዓት ይሁን እንጂ በዋሽንግተን ገና ማለዳ ነው። በግንቦት ወር የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 ሰዓት ይሆናል። የአገሩ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ቲኬት ቆረጡለት፤ እንደ ዕድልም ሆኖ በዕለቱ ወንበር ተገኘ እንበል። አይሮፕላኑ ከረፋዱ በፈረንጅ 11 ሰዓት ይነሣል። በእኛ አቆጣጠር ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት መሆኑ ነው።

ትልቁ ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር 11,500 ኪሎ ሜትሩን በ13 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ረቡዕ ከጠዋቱ በ1 ሰዓት ታላቅየው ቦሌ ወረደ። ፓስፖርቱን አስመትቶ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ወደ አገር ውስጥ መንገደኞች መነሻ ተሻገረ። ንፋስ መውጫ መደበኛ የመንገደኞች አይሮፕላን ስለማያርፍባት ከምዕራብ ባሕር ዳር፣ ከምሥራቅ ላሊበላ ላይ ወርዶ በመኪና መቀጠል ግድ ነው። ታላቅየው ባሕር ዳርን መረጠ። በ4 ሰዓት ተነሥቶ በ5 ሰዓት ባሕር ዳር አረፈ።

ከዚያ የኮንትራት መኪና ይዞ በወረታ ታጠፈና ደብረ ታቦርን አለፈ። የጉናን ተራራ በስተ ቀኝ እያየ በክምር ድንጋይ በኩል ሽቅብ ወጣ። ከባሕር ዳር ንፋስ መውጫ በመኪና 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቀበቱና ጠመዝማዛው ብዙ ስለ ሆነ አራት ሰዓት ያህል ፈጀበት። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ከአባቱ ደጃፍ ደረሰ።

ድምሩን ይመልከቱ። ከዋሽንግተን ከተነሣ 22 ሰዓት ሆኖታል። ከዚህ ውስጥ 11,500 ኪሎ ሜትሩን የፈጀው በ13 ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አባቱ ቤት ላለችው 500 ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ግን፣ በቦሌና በባሕር ዳር የቆየበት ሲጨመር፣ 9 ሰዓት አስፈልጎታል።

ታናሽየው በምድር

ታናሽየውስ? ማክሰኞ በ8 ሰዓት ስልኩን እንደ ሰማ ከአለቃው ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ወሩ ግን ገና አላለቀም። በኪሱ ያለው ለአውቶቡስ እንጂ ለአይሮፕላን አይበቃም። ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ የሚነሣው ሊነጋጋ ሲል ነው። ስለዚህ ወንድሙ አትላንቲክን ሲሻገር ባደረባት ሌሊት እርሱ በአልጋው ላይ ሲገላበጥ አደረ።

ረቡዕ ከንጋቱ በ11 ሰዓት አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። በፍቼና በጎሐ ጽዮን አድርጎ የዓባይን ሸለቆ ወረደ፤ ደጀን ላይ ወጣ፤ ደብረ ማርቆስን አለፈ። ታናሽየው ምሳውን ሳይበላ ወንድሙ በራሱ ላይ በሰማይ አልፎታል፤ ይህን ግን አያውቅም። ከቀኑ በ10 ሰዓት ባሕር ዳር ገባ። ልብ ይበሉ፤ ታላቅየው ንፋስ መውጫ የደረሰው በዚችው ሰዓት ነው። ጊዜው ስለ መሸ ወደ ጋይንት የሚሄድ መኪና የለም። አደረና ሐሙስ በ12 ሰዓት ተሳፍሮ በ4 ሰዓት ንፋስ መውጫ ደረሰ።

እነሆ፣ የእንቆቅልሹ ፍቺ ይህ ነው። ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘው ሰው ከባለ 300 ኪሎ ሜትሩ ሰው 18 ሰዓት ቀድሞ ገባ።

ይህም መንገዱ ሰላም የሆነ እንደ ሆነ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ባለ ቀን በወረቀት ላይ ያሰላነው ሁሉ አይሠራም፤ ሁለቱም ወንድማማቾች ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብለው ወሬ ይጠይቃሉ።

አሥራ ስምንት ሰዓት ምን ያደርጋል?

«ከተደረሰ ወዲያ አንድ ቀን ቢዘገይ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። የአገራችንን ልማድ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። በጋይንት እንደ ሌላው ደጋ ሁሉ ሰው ሲሞት ቀብር አይቆይም፤ ወይ በዕለቱ ወይ በማግሥቱ ይፈጸማል። ስለዚህ በ18 ሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር ይሆናል። አንዱ ልጅ አባቱን በነፍስ አግኝቶ እግሩን ይስማል፤ ምርቃቱንም ይቀበላል። ሌላው ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ ያገኛል፤ የሚስመውም የመቃብሩን አፈር ነው። ሠልስት ይቀመጣል፤ ሰባትና አርባውን ያወጣል። ያቺ ምርቃት ግን ትቀርበታለች።

ደግሞም «ጠና ብሎበታል» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ሁልጊዜ እንደ ቃሉ እንደማይፈታ ያውቃሉ። መንገደኛው በጉዞ ላይ ልቡ እንዳይሰበር ሲባል መርዶው ተሸሽጎ «ታሟል» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። መንገደኛም ይህን ስለሚያውቅ በአይሮፕላንም ላይ ቢሆን በአውቶቡስ ውስጥ፣ እያንዳንዷን ሰዓት በጣቱ ይቆጥራል።

ሩቁ ቀርቦ ቅርቡ ስለ ምን ራቀ?

ጋይንት ስለ መንገድ ችግር ከሁሉ በላይ የሚመሰክር አገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጐተቱት ይህን ደጋ አቋርጠው ነው። ጉዞው በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ተጀምሮ በዚያው ዓመት በመጋቢት ተፈጸመ። በቀጥታ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚሆን ርቀት ግማሽ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። መድፉ 7 ቶን ያህል ስለሚመዝን ሠራዊቱ መንገዱን እየጠረገና ድንጋይ እየፈነቀለ ገደል ወርዶ ገደል መውጣት ነበረበት።

በዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ የጋይንት ሰው መንገድ ሲጠየቅ የሚመልሰው በኪሎ ሜትር አልነበረም። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው»፣ «ሁለት ቀን ያስኬዳል» ይል ነበር። ይህን የሰማ ተማሪ አያቱ መለካት የማያውቁ ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ በአየር መንገድ ቲኬት ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ነው እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም። አያትየው ከአየር መንገዱ ቀድመው ትክክለኛውን መለኪያ ይዘው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጋይንት መንገድ አልተሻሻለም አይባልም። ወረታን ከወልድያ ጋር የሚያገናኘውና ንፋስ መውጫን የሚያቋርጠው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በቻይናውያን እርዳታ ተሠርቷል። የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በቀን የሚቈጠረውን ጉዞ በሰዓት እንዲቈጠር ያደረገው ይህ መንገድ ነው።

የሰማዩ መንገድ ግን ይበልጥ ገሠገሠ። ቀድሞ ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚላክ ወጣት በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ይሳፈር ነበር፤ ጉዞውም የሳምንታት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመጀመሪያ በረራውን ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያው ዓመት በመጋቢት 30 ቀን ነው። ዛሬ ከዋሽንግተን የሚመጣ ሰው አንድ ሌሊት በአየር ላይ አድሮ ቦሌ ይወርዳል። እንግዲህ ሩቁ አገር ከሳምንታት ወደ 13 ሰዓት ወረደ። ቅርቡ ግን ለባለ አውቶቡሱ ጸሐፊ አሁንም የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ስለ ንፋስና ስለ ሳሳ አየር

ታላቅየው ሰባቱን አውጥቶ ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ ሌላ ነገር ያስገርመዋል። በመጣበት በ13 ሰዓት አልመለስ ይለዋል። አይሮፕላኑ በመንገድ ላይ አንድ ከተማ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ጉዞውም 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ማረፊያው በየዘመኑ ሲለዋወጥ አንድ ጊዜ ሮም፣ ሌላ ጊዜ ደብሊን፣ ሌላ ጊዜ ሎሜ ሆኗል። ርቀቱ ያው ሆኖ ሳለ ይህ ስለ ምን ሆነ?

አንደኛው ምክንያት ንፋስ ነው። በዚህ ጉዳይ የንፋስ መውጫን ልጅ ማንም ሊያስተምረው አይችልም፤ የተወለደባት ከተማ ስሟ ራሱ ይነግረዋል። ንፋስ ከጀርባ ሲገፋው አቀበቱ ይቀለዋል፤ ከፊት ሲመታው ሜዳው ይከብደዋል። በሰሜናዊው የምድር ክፍል አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ንፋስ አለ። ከአሜሪካ ወደ እኛ የሚመጣውን አይሮፕላን ይህ ንፋስ ይገፋዋል፤ ከእኛ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ይጋፈጠዋል። ንፋሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢቀንስበት 900 የነበረው ፍጥነት 800 ይሆናል። 11,500ን ለ800 ቢያካፍሉ ከ14 ሰዓት በላይ ያገኛሉ፤ ነዳጅ ለመቅዳት የሚቆምበት ሲጨመር 16 ይሞላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ንፋስ መውጫ ሲደርስ ጥቂት አቀበት ወጥቶ ትንፋሽ ሲያጥረው አይተው ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያም 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉን የሚያነሣው አየር ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ነው። ስለዚህ አይሮፕላኑ መንገደኛውንና ጓዙን ሁሉ ጭኖ ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ከሞላ ክብደቱ ከቦሌ ለመነሣት ያስቸግረዋል። መፍትሔው ነዳጁን ቀንሶ መነሣትና ዝቅተኛ ስፍራ ላይ አርፎ መሙላት ነው። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ከዚያ የሚነሣው አይሮፕላን ሙሉ ነዳጁን ይዞ ያለ ችግር ይወጣል።

ከቲኬቱ ሰዓት ይጠንቀቁ

አሁን ደግሞ አይሮፕላን ተሳፍረው ለማያውቁ አንባቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። በቲኬቱ ላይ 10 ሰዓት የሚል ካዩ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ 22 ሰዓት የሚል ካዩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ይህን ስድስት ሰዓት መቀነስ ብዙ ሰው ለምዶታል።

ሰው የሚሳሳተው በሌሊቱ በረራ ላይ ነው። የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሲሆን በእኛ ዘንድ ቀን የሚባለው ሲነጋ ነው። ለምሳሌ ቲኬቱ «ሐሙስ፣ 0 ሰዓት ከ30» ቢል በእኛ አነጋገር ረቡዕ ሌሊት፣ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ሐሙስን ቤቱ ውሎ ማታ ቦሌ የሄደ ሰው አይሮፕላኑ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሲቀር የሄደ መሆኑን ይሰማል። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንዲህ ቢሳሳት ኀዘኑ እጥፍ ይሆንበታል።

ለአንባቢው የቀረ ነገር

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ከአባት ከእናትዎ ርቀው የሚኖሩ ተማሪ ወይም ጸሐፊ ይሆናሉ። እንግዲህ ዛሬ ማታ ለራስዎ ይህን ስሌት ይሥሩ። ዛሬ በ8 ሰዓት ቢጠሩ ከቤትዎ ደጃፍ እስከ ወላጆችዎ ደጃፍ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል? ኪሎ ሜትሩን አይቁጠሩ። የአውቶቡሱን መነሻ፣ የሚያድሩበትን ከተማ፣ የአይሮፕላኑን ቀን፣ ከማረፊያው በኋላ ያለውን አቀበት ይቁጠሩ። ከዚያም በኪስዎ ያለውን ይቁጠሩ፤ ታናሽየውን 18 ሰዓት ያስቀረው ርቀት ሳይሆን የቲኬት ዋጋ መሆኑን አይተናልና። የእንቆቅልሻችን ጸሐፊ ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት እየቆረጠ ለክፉ ቀን የሚሆን የመንገድ ገንዘብ አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ ከወንድሙ ጋር በአንድ አይሮፕላን ባሕር ዳር በወረደ፤ ምናልባትም ማክሰኞ ማታውኑ ተሳፍሮ ቀድሞት በደረሰ ነበር።

የስሌቱ ውጤት ሁለት ቀን ከሆነብዎ አይደንግጡ፤ የብዙ ሰው ዕጣ ነው። ነገር ግን ያን ቁጥር ካወቁ በኋላ የሚመጣውን የዓመት ፈቃድ የት እንደሚያሳልፉ ያስቡበት። ሳይጠሩ የሄዱበት መንገድ ሁለት ቀን ቢፈጅ ምንም አይጎድልበትም፤ አባትዎ በደጃፉ ተቀምጠው ይጠብቅዎታል።